ጎጆ ሠሪውና ጎጆ መራጯ

አባቴ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ክረምት በገባ ቁጥር ወንበሩን በረንዳ ላይ አውጥቶ ይቀመጣል። ዐይኑን የሚተክለው ባሕር ዳር ባለው ግቢያችን ውስጥ በቆመው ዛፍ ላይ ነው። ዛፉን ሸማኔ ወፎች ሰፍረውበታል። ጫጫታቸው ከቀበሌ ስብሰባ የማይተናነስ ስለሆነ፣ አባቴ ጋዜጣውን አጥፎ «እስቲ የዛሬውን ስብሰባ እንታደም» ይላል።

የስብሰባው አጀንዳ ጎጆ ነው። ፊቱ የጠቆረው ቢጫ ወንድ ከሣርና ከዘንባባ ቅጠል ቀጫጭን ሰበዝ እየሰነጠቀ ያመጣል። በመጀመሪያ ከቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ቀለበት ይሠራል። ከዚያም በቀለበቱ ውስጥ ቆሞ ምንቃሩ እስከደረሰበት ድረስ ዙሪያውን ይሸምናል። መግቢያውን ወደ ታች ያደርገዋል። ሲጨርስ ከጎጆው ሥር ተንጠልጥሎ ክንፉን እያራገበ ሴቷን ይጠራል።

እርሷ ታዲያ በጩኸት አትታለልም። ትገባለች፤ ውስጡን በምንቃሯ እየሳበች ትፈትሻለች። ከወደደችው በለስላሳ ሣርና በላባ ትደለድለዋለች፤ ብዙውን ጊዜ 2 ወይም 3 እንቁላል ትጥላለች፤ 12 ቀን ያህል ብቻዋን ታቅፋ፣ ጫጩቶቹን ነፍሳት እየለቀመች ታሳድጋለች። ካልወደደችው ግን በርራ ትሄዳለች። ጎጆው ሳይመረጥ ሲቆይ አረንጓዴው ሣር ይደርቃል፤ የደረቀውን ደግሞ ፈላጊ እምብዛም የለውም። ያን ጊዜ ወንዱ የገዛ ሥራውን በገዛ ምንቃሩ በታትኖ በዚያው ቦታ እንደ አዲስ ይጀምራል። እነዚህን ወፎች ለረጅም ዓመታት ያጠኑት ኒኮላስና ኤልሲ ኮሊያስ የተባሉ ተመራማሪ ባልና ሚስት፣ ወጣቶቹ ወንዶች መጀመሪያ ላይ ዝርክርክ ጎጆ እንደሚሠሩና በልምምድ እንደሚሻሻሉ አሳይተዋል።

አባቴ ይህን ትዕይንት በዝምታ የሚያየው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1979 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ ወጣት የግብርና ባለሙያ ነበር። የመንደር ምሥረታው ዘመቻ ሲመጣ ገመድ ወጥሮ ችካል የተከለው እርሱ ነው። ተበታትኖ ይኖር የነበረው ገበሬ ቤቱን አፍርሶ በችካሉ ረድፍ እንዲሠራ ታዘዘ። ይስማማህ ወይ ብሎ የጠየቀው አልነበረም፤ ተጠየቀ ከተባለም በስብሰባ ላይ እጁን እንዲያወጣ ነው። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ፣ በብዙ ቦታ ገበሬው ማንንም ሳያስፈቅድ ምሰሶውን ነቅሎ ወደ ቀድሞ ቀዬው ተመለሰ። አባቴ በዚያ ሰሞን በመንደሩ ሲያልፍ አንዲት አሮጊት ማገር ተሸክመው አገኛቸው። «ልጄ፣ ውኃው ይርቃል ብየህ አልነበረም?» አሉት። መልስ አልነበረውም። ዛሬም የለውም።

ወፍና መንግሥት ምን አገናኛቸው የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። እውነት ነው፤ ወፉ ጎጆውን የሚያፈርሰው ፍትሕ ወዳድ ስለሆነ አይደለም። እምቢ ከተባለ ዘሩን አይተካም፤ ስለዚህ እምቢታን ከመስማት በቀር ምርጫ የለውም። ልዩነቱም እዚህ ላይ ነው። በወፎቹ ዘንድ የእምቢታን ዋጋ የሚከፍለው ሠሪው ነው። በእኛ ዘንድ ግን ማገር የሚሸከሙት አሮጊቷ ናቸው።

ገመዱና ችካሉ ዛሬ በኮምፒውተር በተሣለ ማራኪ ሥዕል ተተክተዋል። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት የፒያሳ ነባር ሰፈሮች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌላ ስፍራ ሲዛወሩ፣ ክርክሩ የነበረው ስለ መንገዱ ውበት ነበር። መንገዱ ማማሩን አልክድም። ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ የሚኖርበት ሰው ገብቶ ምሰሶውን ነቅነቅ አድርጎ «ይህስ አይሆነኝም» የሚልበት ቀን ነበረ ወይ? ቢልስ ኖሮ ማን ይሰማው ነበር?

በቀደም ዕለት አንዱ ወንድ የደረቀ ጎጆውን ሲበትን እኔና አባቴ አብረን አየነው። ሰበዙ አንድ በአንድ በረንዳችን ላይ ይወድቅ ነበር። አባቴ ብዙ ከቆየ በኋላ፣ «ይህ እንኳ ከእኔ ይሻላል» አለ። «የራሱን ራሱ ነው የሚያፈርስ።»