አንድ ራውተር ለሰባት ቤት



ዲላ ላይ ከካምፓስ ውጪ ተከራይተን የምንኖር ተማሪዎች የብዙዎቻችን ግቢ ይመሳሰላል። ከፊት የአከራይ ቤት፣ ከኋላ በረድፍ የተሠሩ ሰርቪስ ክፍሎች፣ መሃል ላይ አንድ ቧንቧ አለ። ውኃውን፣ መብራቱንና የውጪውን በር በጋራ እንጠቀማለን። እኛ ግቢ ከአምና ጀምሮ ዋይፋይም ተጨምሯል፤ የስድስት ክፍል ተከራዮችና አከራያችን እማማ በየወሩ አዋጥተን እንከፍላለን።

መጀመሪያ ሁሉም ደስ ብሎት ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ማታ ማታ ኢንተርኔቱ መንቀራፈፍ ጀመረ። ከዚያ ወሬው መጣ። «ሦስተኛው ክፍል ያለው ልጅ ፊልም እያወረደ ነው» ተባለ። እሱ ደግሞ «የእማማ የልጅ ልጆች በቲክቶክ ጨረሱት» አለ። አንዱ የዚህን ወር አልከፍልም ብሎ ተነሣ። ረመዳንን በአንድ ማዕድ ያፈጠርን ልጆች ሰላምታችን ቀዘቀዘ።

አንድ ቅዳሜ እማማን አስፈቅጄ ራውተሩን ለማየት ተቀመጥኩ። «እሺ ልጄ፣ ብቻ እንዳይበላሽ» አሉኝ። ከራውተሩ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ያለውን አድራሻ፣ 192.168.1.1ን፣ ብሮውዘር ላይ ጻፍኩ። የማስተካከያ ገጹ ስምና ፓስወርድ ከፋብሪካ እንደመጣ ነው፤ ሁለቱም «አድሚን»። የተገናኙትን ዕቃዎች ዝርዝር ስከፍት 23 አገኘሁ። ሁላችንንም ጠርቼ ስልኩን፣ ላፕቶፑንና የእማማን ቴሌቪዥን አንድ በአንድ ቆጠርን፤ የእኛ 14 ብቻ ነው። ዘጠኙን የሚያውቃቸው የለም።

ሌባ ግን አልነበረም። የዋይፋዩ ፓስወርድ የእማማ ስልክ ቁጥር ነበር። ለቡና የመጣ ጎረቤትና ለጥናት የመጣ ጓደኛ ይጠይቃል፣ ይሰጠዋል፤ እሱም ከስልኩ በኪው አር ኮድ ለሌላው ያሳልፋል። ስሙ የጠፋው የሦስተኛው ክፍል ልጅ በዚያን ዕለት ነጻ ወጣ።

የመንቀራፈፉ ነገር ቀላሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለ ጎጂ ፕሮግራም የፋብሪካ ፓስወርዳቸው ያልተቀየረ ካሜራዎችንና ራውተሮችን በዓለም ዙሪያ እየፈለገ ያዘ። የሚሞክረው ስልሳ ገደማ የተለመዱ የስምና የፓስወርድ ጥንዶችን ነበር። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ በእነዚሁ ዕቃዎች በተከፈተ ጥቃት ትዊተርና ኔትፍሊክስ ለብዙ ተጠቃሚዎች ለሰዓታት ተቋርጠዋል። አብዛኞቹ ባለቤቶች ዕቃቸው ለዚህ መዋሉን አያውቁም ነበር። በእርግጥ የባንክ መተግበሪያዎች መረጃውን መስጥረው ስለሚልኩ፣ ዋይፋያችሁ ላይ የገባ ሰው ፒናችሁን እንዲሁ አያነብም። የራውተሩን ማስተካከያ ገጽ የያዘ ሰው ግን ዲኤንኤሱን ቀይሮ፣ የምትጽፉትን የድረ ገጽ አድራሻ ወደ ሐሰተኛ ገጽ ሊመራው ይችላል።

እኛ በአንድ ሰዓት ያደረግነው ይህ ነው። መጀመሪያ የማስተካከያ ገጹን ፓስወርድ ቀየርን፤ ይህ ከዋይፋዩ ፓስወርድ የተለየ መሆን አለበት። በወረቀት ጽፈን እማማ ጋር አስቀመጥነው፤ ቤቱም ውሉም የእሳቸው ነውና። ቀጥሎ የምስጠራውን ዓይነት ደብሊው ፒ ኤ 2 አደረግን፤ ራውተራችሁ ደብሊው ፒ ኤ 3 ካለው እሱ ይሻላል። ደብሊው ኢ ፒ የሚባለው አሮጌው ግን እንደሚሰበር ከታወቀ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ለዋይፋዩ እርስ በርስ የማይገናኙ አራት ቃላትን አጋጥመን ረጅም ፓስወርድ መረጥን።

ከዚያ ደብሊው ፒ ኤስ የሚባለውን አገልግሎት ዘጋን። ፒኑ ስምንት አሃዝ ቢሆንም የሚፈተሸው ለሁለት ተከፍሎ ስለሆነ፣ ቢበዛ በ11,000 ሙከራ እንደሚገኝ እ.ኤ.አ. በ2011 ታውቋል። ከውጪ በኢንተርኔት ራውተሩን ማስተካከል የሚፈቅደውንም አጠፋን። የራውተሩን ሶፍትዌርም አሻሻልን።

የቀረው የእንግዳ ጉዳይ ነበር። እማማ «ሰው ቤቴ መጥቶ እንዴት ከለከልኩት እላለሁ?» አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ብዙ ራውተሮች ለእንግዳ የተለየ ኔትወርክ የመክፈት አማራጭ አላቸው። እንግዳው ኢንተርኔት ያገኛል፣ የቤቱን ላፕቶፕና ቴሌቪዥን ግን አያይም። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበውን የጌዴኦን ማሳ ያየ ሰው ነገሩ አይከብደውም፤ ትልቁ ዛፍ፣ እንሰቱና ቡናው አንድ መሬት ይካፈላሉ፣ እያንዳንዱ ግን የራሱ ቦታ አለው። የእንግዳውን ፓስወርድ በየወሩ እንቀይራለን፣ የቤቱን ደግሞ ተከራይ በለቀቀ ቁጥር።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህን ሥራ የምትችሉ፣ በተለይ የኮምፒዩተር ተማሪዎች፣ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የማንንም ራውተር አትንኩ፤ «ልረዳ ብዬ ነው» ማለት አይበቃም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ሰው ሥርዓት መግባትን በወንጀል ያስቀጣል። ከተፈቀደላችሁም በኋላ በዝርዝሩ ላይ የምታዩት የሰዎች ስልክ አማና ነው፤ ማን መቼ ገባ፣ መቼ ወጣ እያሉ ማውራት የለም።

ኢንሻአላህ በዚህ ሳምንት ከአከራያችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ያንን ዝርዝር ክፈቱ። ወንድማችሁን ከመጠርጠራችሁ በፊት ቁጠሩ።