ማይነሩ ተሰምቶ ይለቅ

ኡኩሌሌ አራት ክሮች ያሏት ትንሽ መሣሪያ ናት። ከፖርቱጋል ማዴይራ ደሴት የሄዱ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1879 ወደ ሃዋይ ይዘዋቸው ከገቡት ትናንሽ የክር መሣሪያዎች የተገኘች ናት። ብዙ ሰው የሚያውቃት በደስታ ዜማ ነው። እኔ ግን የተማርኳት እናቴ ባረፈችበት ዓመት ስለሆነ የጀመርኩት ከማይነር አርፔጂዮ ነው።

አርፔጂዮ ማለት የኮርዱን ድምፆች ባንድ ላይ ከመምታት ይልቅ አንድ በአንድ መጫወት ነው። ክራር በጣት ሲደረደር ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። ክሮቹ ከላይ ወደ ታች ጂ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤ ናቸው። የግራ እጅ መካከለኛ ጣት የጂን ክር ሁለተኛው ፍሬት ላይ ሲጫን ኤ ማይነር ይሆናል። በቀኝ እጅ አውራ ጣት የላይኞቹን ሁለት ክሮች፣ ጠቋሚው ሦስተኛውን፣ መካከለኛው አራተኛውን ይነካል። ይህ ሲለመድ የግራው መካከለኛ ጣት ሳይነሳ ሁለት ጣቶች ተጨምረው ወደ ዲ ማይነር ይታለፋል። ማታ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ዐሥር ደቂቃ ያህል በዝግታ እለማመድ ነበር።

ኤ ማይነር የሚሠራው ከኤ፣ ከሲ እና ከኢ ነው። ጠቋሚ ጣት በሲ ክር የመጀመሪያው ፍሬት ላይ ቢጨመር ኤ ሜጀር ይሆናል። የተለወጠው መካከለኛው ድምፅ ብቻ ነው፤ እርሱም በግማሽ እርከን። ኤ እና ኢ ከቦታቸው አልተነቃነቁም። የእኛውን የትዝታ ቅኝት ማይነሩን ከሜጀሩ ከሚለዩት ድምፆችም አንዱ ይኸው ሦስተኛው ድምፅ ነው።

በለቅሶው ሰሞን ወዳጆች «በቃሽ፣ አታልቅሺ፣ ወደ ተሻለ ስፍራ ሄዳለች» ይሉኝ ነበር። ቃሉ እውነት ነው፤ ፍቅራቸውም እንዲሁ። ነገር ግን ማይነሩ ሳይሰማ ሜጀር እንድመታ የታዘዝኩ ያህል ይከብደኝ ነበር። ባለቤቴ መጋቢ ነው፤ ለሐዘንተኛ የሚናገረው አያጣም። በእነዚያ ምሽቶች ግን አጠገቤ ተቀምጦ ዝም ብሎ ያዳምጥ ነበር። አንድ ቀን «እስቲ ቀስ በይ፤ መካከለኛዋ ድምፅ አልተሰማችኝም» አለኝ። ቀስ አልኩ። ያን ምሽት ስለ እማዬ ማውራት ጀመርኩ፤ ስልክ ስትደውል ከሰላምታ አስቀድማ «በላችሁ ወይ?» ማለቷን፣ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት እጄን አልለቅ ማለቷን። እርሱም አላቋረጠኝም።

የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ዝም ብለው ተቀምጠው ነበር። ሸክም የሆኑበት መናገር ከጀመሩ በኋላ ነው።

የተወደዳችሁ ባለ ትዳሮች፣ የትዳር ጓደኛችሁ ሲያዝን ወደ ሜጀር አታጣድፉት። ሐዘን ብዙ ነገር ይለውጣል፤ መሠረቱን ግን አይነቅልም። የምትጨመረዋ ጣት ጊዜዋ ሲደርስ ሩቅ አይደለችም፤ የግማሽ እርከን መንገድ ናት። እስከዚያው ድረስ ዛሬ ማታ ቴሌቪዥኑን አጥፉና «ዛሬ ምን አስታወስሽ? ምን አስታወስህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያም መልሱ እስኪያልቅ ጠብቁ።