ነጭ ነጠላ እና የሌንስ አምሮት

ሰሞኑን ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር የሌንስ ማስታወቂያ ይመጣብኛል። 85 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 1.4። በጣም ያምረኛል። ግን እጄ ላይ ያለው 50 ገና አልተጠናም፤ ታዋቂው ፎቶ አንሺ አንሪ ካርቲዬ ብሬሶን እንኳ አብዛኛውን ሥራውን የሠራው በላይካ ካሜራና በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነው።

ከአዲስ ሌንስ ይልቅ ብርሃንን ማወቅ ይቀድማል። ጥምቀትን ጃን ሜዳ ላይ ያነሳ ሰው ያውቀዋል፦ ሜዳው በነጭ ልብስ ሲሞላ ካሜራው ብርሃን የበዛ ይመስለውና ፎቶውን ያጨልመዋል፤ ነጩ ግራጫ ሆኖ ይወጣል። ያኔ ብርሃኑን በእጅ አንድ ደረጃ ከፍ ማድረግ ነው። የቀትር ፀሐይ ደግሞ ዓይን ሥር ጥቁር ጥላ ይጥላል። እዚህ ላይ ነጠላን የመሰለ ረዳት አላየሁም! እናቶች ደረታቸው ላይ ያጣፉት ነጠላ ብርሃኑን ወደ ፊታቸው ይመልሰዋል፣ ጥላውም ይለሰልሳል። ይህን የተማርኩት በየሰንበቱ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆሜ፣ ፈቃድ እየጠየቅሁ፣ ደጋግሜ በማንሳት ነው።

ለሌንሱ ያጠራቀምኩትን ገንዘብ ለመጪው ጥር የጎንደር ጉዞ አድርጌዋለሁ። የአፄ ፋሲል መዋኛን በጥምቀት ጠዋት ያነሳችሁ ካላችሁ፣ ውኃው ሲባረክ በየት በኩል መቆም እንደሚሻል እባካችሁ ንገሩኝ።