የአንድ ቀን አበባ በአሶሳ ግቢ

የክርስቲያን ቤት ከጸሎቱ ስፍራ ጀምሮ እስከ ደጃፉ ድረስ ንጹሕና ያማረ ሊሆን ይገባዋል። በደጃፍ አበባ መትከልም ከዚሁ መልካም ልማድ የሚቈጠር እንጂ ለከንቱ ውዳሴ የሚደረግ አይደለም። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 እንደ ተጻፈው፥ ስለ ነገ ለሚጨነቁ ሰዎች ምሳሌ አድርጎ ያሳያቸው የሜዳ አበቦችን ነው። ቤተ ክርስቲያናችንም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ያለውን ጊዜ ዘመነ ጽጌ ብላ ሰይማ፥ የእመቤታችንንና የተወደደ ልጅዋን ወደ ግብፅ መሰደድ በማኅሌት ታስባለች።

ነገር ግን በአሶሳና በዙሪያዋ ለምንኖር ቤተ ሰቦች ከዚህ በኋላ አንድ ጭንቅ ይመጣል። አገራችን ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት፥ ቀይ አፈር የለበሰች፥ ማንጎና ሽመል የሚበዛባት ናት። ዝናሙ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ያለ ስስት ይወርዳል። ዘመነ ጽጌ ሲፈጸም ግን ሰማዩ ይዘጋል፤ ከዚያም እስከ ሚያዝያ ድረስ ሣሩ ይደርቃል፥ መሬቱ ይሰነጠቃል፥ ውሃም በጀሪካን ይቀዳል። ጀሪካኑን የሚሸከመው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የእናትና የሴት ልጅ ጀርባ ነው።

በቤታችንም ስለዚህ ነገር ክርክር ተነሥቶ ነበር። እናታችን በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ምክንያት ከወሎ ተነሥተው ወደ አሶሳ ከመጡት ሰፋሪዎች አንዷ ናቸው። ልጆቹ በግቢያችን አበባ እንትከል ባሉ ጊዜ፥ «ውሃ አጥቶ የሞተ ሰው ያየሁ ነኝ፤ ይህች ልጅ ከትምህርቷ ቀርታ የምትቀዳውን ውሃ ለአበባ አታፈሱትም» አሉን። ቃላቸው እውነት ስለ ነበረ የምንመልሰው አልነበረንም። በሴት ልጅ ትከሻ የሚገዛ ውበት ውበት አይደለምና። ስለዚህ ፍለጋችን ደምቆ የሚታየውን ሳይሆን፥ በጥቂት ውሃ የሚታገሠውን አበባ ሆነ።

ከሚታገሡት አንዱ በሳይንስ ስሙ ሄሜሮካሊስ የሚባለው ነው። ስሙ «ቀን» እና «ውበት» ከሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት የተሠራ ሲሆን፥ ስዊድናዊው ሊቅ ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 መዝግቦታል። የትውልድ አገሩ ቻይና፥ ጃፓንና ኮሪያ ነው። እያንዳንዱ አበባ ጧት ፈክቶ ማታ ይጠወልጋል፤ ሆኖም በአንዱ ዘንግ ላይ ብዙ እንቡጥ ስላለ በማግሥቱ ሌላው ይተካዋል። የጽናቱ ምስጢር ከመሬት በታች ነው፤ ሥጋማ ሥሮቹ በዝናም ወራት ውሃና ምግብ አከማችተው በበጋ ይመግቡታል።

ሲመርጡ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። ከዘሩ አንዳንዱ ቅጠሉን አራግፎ በብርድ ወራት የሚተኛ፥ አንዳንዱም ዓመቱን ሙሉ ለምልሞ የሚኖር ነው። የመጀመሪያው ብርድ ካላገኘ እየደከመ ሊሄድ ስለሚችል፥ እንደ አሶሳ ላለ ውርጭ ለማያውቅ ቆላማ አገር ሁለተኛው ይሻላል። ከችግኝ ጣቢያ ከመግዛት ይልቅ፥ ዓመት ከዓመት ሲለመልም ካዩት የጎረቤት ግቢ ሥር ከፍሎ መለመን የተረጋገጠ ምርጫ ነው።

የመትከያው ጊዜ ዝናሙ ከያዘ በኋላ፥ ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሰኔ ነው። መሬቱን ክንድ ያህል ቆፍሮ የበሰለ ፍግ ማደባለቅ፥ የክረምቱም ጎርፍ ሥሩን እንዳያበሰብሰው መደቡን ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። በጕድጓዱ መካከል ጥቂት አፈር ከምሮ ሥሩን በዙሪያው መዘርጋት፤ ቅጠሉና ሥሩ የሚገናኙበትን ስፍራ ግን ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ መቅበር ነው። በአንዱና በሌላው መካከል ግማሽ ሜትር ይበቃል። የጧት ፀሐይ እንዲያገኝ፥ ከሰዓት በኋላ ግን የማንጎ ጥላ እንዲደርስለት ቢሆን መልካም ነው።

በበጋ ሥር ለያዘው ተክል የአትክልትና የእህል እጣቢ በሳምንት አንድ ጊዜ ቢደርሰው በሕይወት ይቈያል፤ ብዙ ሳሙና ያለበት ውሃ ግን አይስማማውም። በወራቱ አበባ ባይሰጥ ሞተ ተብሎ መነቀል የለበትም። እርጥበት እንዲጠብቅ ሣር ማልበስ ይጠቅማል፤ ሆኖም የአገራችን ምስጥ ደረቅ ነገር ስለሚከተል፥ ሣሩን ከግንዱ አንድ ስንዝር ማራቅና ዘወትር ገልጦ ማየት ይገባል። በየ3 ወይም በየ4 ዓመቱ ነቅሎ መክፈል አበባውን ያበዛል፤ ለጎረቤትም የሚሰጥ ይገኛል።

ልጆችና እንስሳት ያሉበት ቤት ግን ይጠንቀቅ። ይህ ተክል የድመትን ኵላሊት የሚጎዳ መርዝ አለው። እንደ ነበልባል በሚመስል ቀይና ቢጫ አበባው የሚታወቀው፥ በቅጠሉ ጫፍ እየተጠመጠመ የሚወጣው የዱር ግሎሪዮሳ ደግሞ ሥሩ ሰውን የሚገድል ነውና ከዱር አምጥቶ ከልጆች ደጅ መትከል አይገባም።

እናታችን በሁለተኛው ዓመት የባቄላ እጣቢያቸውን ራሳቸው ወደ መደቡ ያወርዱ ጀመር፤ ልጅቱም አንድም ቀን ስለ አበባ ብላ ከትምህርቷ አልቀረችም።

ነቢዩ ዳዊት የሰውን ዘመን በዱር አበባ መስሎታል። የአንድ ቀን አበባም ይህንኑ በየማታው ያስተምረናል። የረገፈው አይመለስም፤ ሥሩ ግን በጥጋቡ ወራት ያከማቸውን ይዞ በችግሩ ወራት ይጸናል። ቤተ ሰብም እንደዚሁ ነው። ጸሎቱን፥ ፍቅሩንና መተሳሰቡን በሰላሙ ቀን በሥሩ ያኖረ ቤት፥ የድርቁ ቀን ሲመጣ ቅጠሉ ቢጠወልግ እንኳ አይነቀልም። እግዚአብሔር አምላካችን ለሁላችን እንዲህ ያለውን ሥር ይስጠን።