የአበዳሪዋ ወረቀት

እናቴ ካዛንቺስ በሚገኘው የቀበሌ ቤታችን በኖረችባቸው ዓመታት ሁሉ በስሟ የተጻፉ ወረቀቶች ከሦስት አይበልጡም ነበር፦ የቀበሌ መታወቂያ፣ የዕድር ደብተርና የቦንድ ሰርተፊኬት። ሦስቱንም በቆርቆሮ ሳጥን፣ ከክት ነጠላዋ ሥር ታኖራቸዋለች።

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጉባ ላይ የታላቁ የሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ ሲጣል እርሷ በአንድ መሥሪያ ቤት የጽዳት ሠራተኛ ነበረች። እንደ ሌሎች የመንግሥት ሠራተኞች የአንድ ወር ደመወዟ በዓመት ተከፋፍሎ እየተቆረጠ ቦንድ ተገዛበት። እኔ አኮረፍኩ። በግቢያችን ስድስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ይጠቀም ስለነበር የምጣድ ተራ የሚደርሰን በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ በዚያች ቀን መብራት ከጠፋ ሊጡ ይኮመጥጣል።

«እንጀራ የምንጋግርበት መብራት ሳይኖረን ለመብራት እናበድራለን?» አልኳት።

«ዕድሜዬን ሙሉ ከሱቅ በዱቤ፣ ከጎረቤት በብድር ኖሬአለሁ» አለችኝ። «እስቲ አንድ ጊዜ እንኳ አበዳሪ ልባል።»

ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው ቆቃ የተሠራው ጣልያን በከፈለችው የጦር ካሣ ነበር። የሰፈራችን ስምም ቢሆን ጣልያን ለመንግሥት ሠራተኞቿ ካሠራቻቸው «ካዜ ኢንቺስ» ከተባሉ ቤቶች የተወረሰ ነው። ለግልገል ጊቤ 3 የቻይና ባንክ አበደረ። ዓባይ ግን የሙግት ውኃ ነውና ለግድቡ የሚያበድር የውጭ ድርጅት አልተገኘም። ትልቁን ወጪ የሸፈኑት የአገር ውስጥ ባንክ ብድርና የመንግሥት ገንዘብ ናቸው፤ የቀረውን እንደ እናቴ ያሉ ሰዎች በቦንድና በስጦታ ሞሉት።

ቦንድ ግን ስጦታ አይደለም፤ ከነወለዱ የሚመለስ ብድር ነው። የመክፈያው ጊዜ ሲደርስ «አውጪው» ብዬ ወተወትኳት። ግድቡ ሲጀመር አንድ ዶላር ወደ 17 ብር ገደማ ነበር፤ ሲመረቅ ከ140 ብር በላይ ሆኗል። ወለዱ ይህን ሊያካክስ አይችልም። የእናቴ ወር ሙሉ ድካም በሳጥን ውስጥ እንዳለ ሟሟ። ይህን ስነግራት ታዳምጠኛለች፤ ሳጥኑን ግን አትከፍትም።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ፈረሰች። ግቢያችን፣ ቆጣሪያችን፣ የምንተራረቅበት ምጣድ ቤት ሁሉ ከአፈር ተቀላቀለ። ዕቃ ስንጭን እናቴ የቆርቆሮ ሳጥኑን ለማንም አልሰጠችም፤ እስከ ከተማው ዳር ድረስ በጭኗ ላይ ይዛው ሄደች። በዚያን ጊዜ አንድ ነገር ተገለጠልኝ። ዕድሜዋን በፈጀችበት ቤት ላይ እናቴ የባለቤትነት ወረቀት ኖሯት አያውቅም። ከአገሯ ዕዳ እንዳላት የሚመሰክርላት ያ ሰርተፊኬት ብቻ ነበር።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ሲመረቅ በኮንዶሚኒየሙ ቤታችን በቴሌቪዥን ተመለከትን። 5,150 ሜጋ ዋት ያመነጫል ሲባል እናቴ ቁጥሩን እንድደግምላት ጠየቀችኝ። ደገምኩላት። ከዚያ ተነሥታ ሳጥኑን ከፈተችና ወረቀቱን አንሥታ በብርሃን አየችው። ጠርዙ ወይቧል፤ ስሟ ግን ይነበባል።

«አሁን ብንጠይቃቸው አያፍሩም» አለችኝ። «ሠርተው ጨርሰዋል።»

ባንክ ለመሄድ ቀን ቆርጠናል። እኔ ብሩን አስልቼ የምን ያህል ጤፍ ዋጋ እንደሚሆን አውቄያለሁ። ለእርሷ ግን አልነገርኳትም። አበዳሪ ገንዘቡን ሊቀበል ሲሄድ እንደሚለብስ፣ የክት ነጠላዋን አጥባ አስጥታለች።