ባታችንና ጀሪካኑ

ቂሊንጦ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ አራት ሆነን ነው የምንኖረው። ሊፍት የለም። ውኃውም በፈረቃ ነው፤ ሲመጣ ደግሞ እኛ ጋ ሳይደርስ ጉልበቱ ያልቃል። ስለዚህ ፓምፑ እኛው ነን፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በየተራ ከታች እስከ ላይ።

አምና አንደኛው ጓደኛችን የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፉን ሊጨርስ ወንበር ላይ ተተከለ። «አንተ ብቻ ጻፍ» አልነው። የጀሪካን ተራውንም ዳቦ መግዛቱንም ተካፈልንለት። ሁለት ሳምንት ከቤት አልወጣም ማለት ይቻላል። አንድ ማታ ሊነሳ ሲል ግራ እግሩ አልታዘዝ አለው። ባቱ አብጧል፣ ይሞቃል፣ ሲነኩት ይጮኻል። እኛ ቤት መቼም ሐኪም አይጠፋም፤ «ጅማት ዞሮበት ነው» ተባለ። ቅባት መጣ፣ እጅጌ ተጠቀለለ።

ጩኸቱን የሰሙት ጎረቤታችን ሲስተር በሩን ገፋ አድርገው ገቡ። «እናንተ ልጆች፣ እንዳታሹት! አሁኑኑ ሐኪም ቤት!»

በወንበር ተሸክመን አወረድነው። በአልትራሳውንድ ሲታይ ባቱ ውስጥ ደም ረግቷል። ብናሸው ኖሮ የረጋው ደም ተላቅቆ፣ በልብ አልፎ ሳንባው ላይ ሊሰካ ይችል ነበር።

ለካ ስለ ባት የምናውቀው ነገር አልነበረም! ከላይ ጎላ ብሎ የሚታየው ጋስትሮክኒሚየስ ከጉልበት በላይ ይነሳል፤ ስንሮጥና ስንዘል የሚያስፈነጥረን እሱ ነው። ከሥሩ ያለው ሶሊየስ ቶሎ አይደክምም፤ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቀጥ አድርጎ ያቆመናል። ሁለቱም በአኪለስ ጅማት ተረከዝ ላይ ይታሰራሉ። ኃይሌ ገብረሥላሴ መስከረም 1993 ዓ.ም. ሲድኒ ላይ በ10 ሺሕ ሜትር ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ የቀደመው ይህ ጅማት እያመመው ነበር።

ትልቁ ሥራቸው ግን አይታይም። በተራመድን ቁጥር ጡንቻዎቹ ደም መልሶቹን እየጨመቁ ደሙን ሽቅብ ወደ ልብ ይገፉታል፤ ውስጥ ያሉት ቫልቮች ደግሞ ተመልሶ እንዳይወርድ ይዘጋሉ። ለረጅም ሰዓት ስንቀመጥ ፓምፑ ሥራ ይፈታል፣ ደሙም ያዘግማል።

ሐኪሙ «ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል፤ መቀመጡም አንዱ ነው» ሲለን እርስ በርስ ተያየን። ደግነታችን ከመቀመጫው እንዳይነሳ አድርጎት ኖሯል።

እናም ወዳጆቻችን፣ አንድ እግር ብቻውን አብጦ ካመመ ማሸት ይቅር፤ ቶሎ ሐኪም ይየው። ደረት ከወጋ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ደግሞ ደቂቃም አትቆዩ።

ጓደኛችን ለወራት የወሰደውን የደም ማቅጠኛ ጨርሷል፤ ተመርቋልም። የጀሪካን ተራውንም መልሰንለታል። «አንተ ብቻ ጻፍ» የሚባል ነገር ግን ከቤታችን ቀርቷል።