«በርታ» ብቻ አይበቃም

የጀማሪን ሥራ አይታችሁ አስተያየት ስጡ ስንባል፣ አብዛኞቻችን የምናውቀው ሁለት ነገር ነው። ልጁን ከወደድነው «አሪፍ ነው፤ በርታ!» እንላለን። ካልወደድነው ወይም ቀኑ ካልቀናን ደግሞ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ብለን እንገላገለዋለን። ሁለቱም አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፤ ሥራውን ሳያዩ ሊባሉ ይችላሉ። ለዓመታት የተማሪዎችን አጫጭር ልብ ወለዶች በቀይ እስክሪብቶ ሳርም የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ ሥራውን ሳያዩ ሊባል የሚችል አስተያየት ለማንም እንደማይጠቅም ነው።

ይህን ጉዳይ ያስነሳኝ ደቻቱ ነው። ድሬዳዋን ከዚራና መጋላ ብሎ የሚከፍለው ደቻቱ፣ እንደምታውቁት የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የሌለው ወንዝ ነው። አሸዋ ብቻ። ሰው በእግሩ ይሻገርበታል፤ ካሜራ ያነገቱ ወጣቶችም ሰው ያነሱበታል። በቅርቡ ወደዚያ ጎራ ብዬ ሳለ ከወጣቶቹ አንዱ ካሜራውን ወደ እኔ አዙሮ «ጋሼ፣ እስቲ እያትማ አቦ! ግን እውነቱን ንገረኝ» አለኝ። ድሬ «አንቱ» የሚባል ነገር ብዙም አትወድም። እውነቱን ንገረኝ ማለትም የሚያምርባት እሷ ናት።

ፎቶዋ የአንዲት እናት ናት። ከኋላቸው በፀሐይ የነጣ አሸዋ ተዘርግቷል፤ ፊታቸው ከሰል መስሏል፤ በዓይናቸው ቦታ ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች አሉ። ልጁ «ድህነት» የሚል ርዕስ ሊሰጣት አስቧል። ጓደኞቹ «ትገላለች!» ብለውታል። ፊታቸውን በኮምፒውተር ትንሽ ሊያነጣው መሆኑንም ነገረኝ።

መጀመሪያ ጥሩ ሆና ያገኘኋትን ነገር ነገርኩት፤ «ጥሩ ነው» ብዬ ሳይሆን፣ የቱ ጥሩ እንደሆነ። የሴትዮዋ ጣቶች የሻሻቸውን ጫፍ ይዘዋል። በፎቶዋ ውስጥ ሕይወት ያለው እዚያች ጋ ነው። ቀጥዬ «ስንት ሰዓት ነው ያነሳኸው?» አልኩት። «ስድስት ሰዓት» አለኝ። ይኸው ነው ነገሩ። የቀትር ፀሐይ ከአናት ስለሚወርድ የቅንድብ ጥላ ዓይንን ይውጠዋል። ካሜራ ደግሞ በራሱ ከተተወ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ይሞክራል። ነጭ አሸዋ ሲያይ «ብርሃን በዛ» ብሎ ይቀንሳል፤ ፊትም አብሮ ይጠቁራል። ስለዚህ ብርሃኑን ከአሸዋው ሳይሆን ከፊታቸው ላይ መለካት፣ ወይም ወደ ጥላ ጠጋ ማድረግ፣ አለዚያም ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተመልሶ መምጣት ነው። የጠቆረው የሴትዮዋ ቆዳ ስላጠፋ አይደለም፤ ማንጣት ምን ያደርጋል?

በነገራችን ላይ ይህ የቆዳ ነገር የደቻቱ ልጆች ችግር ብቻ አይደለም። ለብዙ ዓመታት የኮዳክ ፊልም ማጠቢያ ቤቶች ቀለማቸውን የሚያስተካክሉት «ሸርሊ» በሚባል ካርድ ነበር። ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት። ጥቁር ፊት በዚያ ፊልም ዝርዝሩ ይጠፋ ነበር። ፊልሙ እንዲሻሻል ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ፣ ቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ የሚያስተዋውቁ ደንበኞች ቡናማው ቀለም በትክክል አልወጣልንም ብለው ማማረራቸው እንደነበር የኩባንያው የቀድሞ ባልደረቦች ተናግረዋል። ታሪኩ ለእኛ ጆሮ ይመራል፤ ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው። «ፊልማችሁ መጥፎ ነው» አላሉም፤ የቱ ቀለም እንዳልወጣ ለይተው ተናገሩ።

ሥራን እንዲህ ለይቶ ለመተቸት ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ድሬዳዋ ገና ሳትቆረቆር፣ በ1883 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው አርቱር ራምቦ ሐረር ተቀምጦ ፎቶ ማንሳት ይለማመድ ነበር። ግጥሙን ትቶ ነጋዴ ከሆነ ቆይቷል። ራሱን ያነሳቸውን ሦስት ፎቶዎች ለቤተሰቡ ሲልክ፣ ምስሎቹ የነጡት ያጠበበት ውሃ መጥፎ ስለሆነ መሆኑን ገልጾ፣ ወደፊት የተሻለ እንደሚሠራ ጻፈ። ይህን ያህል ነው። ጉድለቱ ምን እንደሆነ፣ ምክንያቱ ከየት እንደመጣ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ። የእኛ «በርታ» ከሦስቱ አንዱንም አይነግርም።

ወደ ልጁ ልመለስና፣ ከብርሃኑ ይልቅ ያከራከረን ርዕሱ ነበር። «ሻሻቸውን ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያስሩት?» ስለው «አይ፣ ላነሳዎት ስላቸው ቆይ ብለው አስተካክለው ነው» አለኝ። እንግዲህ እኚህ ሴት ሻሻቸውን አስተካክለው የቆሙት እሳቸው ሊነሱ ነው እንጂ ድህነት ሊነሳ አይደለም። «ፎቶዋን አይተዋታል?» አልኩት። አላሳያቸውም። ከሁላችንም ቀድመው አስተያየት መስጠት የነበረባቸው እሳቸው ናቸው። ዝም አለ። ከዚያ «ነገ ጠዋት እመለሳለሁ» አለ፤ ተናዶ ይሁን አምኖ አላውቅም።

ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአይዳ ሙሉነህ መሥራችነት የተካሄደው አዲስ ፎቶ ፌስት፣ ወጣት አንሺዎች ሥራቸውን ይዘው ከባለሙያ ጋር ፊት ለፊት የሚቀመጡበትን ዕድል አምጥቷል። ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሁሉም አዲስ አበባ አይደርስም። ለብዙው ልጅ ያለው ተቺ ጓደኛው፣ ጎረቤቱ፣ እንደኔ ያለ አላፊ አግዳሚ ነው። ስለዚህ ቋንቋውን ሁላችንም ብንለምደው አይከፋም።

«ለፎቶ ይህ ሁሉ?» የሚል አይጠፋም። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ ይኸው ደረቅ አሸዋ በሌሊት ጎርፍ ሆኖ ወርዶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ቤቶችንም ጠራርጎ ወሰደ። ቤት ሲሄድ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ፎቶ አብሮ ይሄዳል። እንዲህ ባለ ከተማ ለአንዳንዱ ቤተሰብ ከአንድ ሰው የሚተርፈው ምስል፣ አንድ ጀማሪ ልጅ በአንድ ቀትር ያነሳው ሊሆን ይችላል። ታዲያ ያ ፎቶ ዓይን ይኑረው።